ከመሬት በታች የዛገ ግድግዳ፦ የኤልዛቤት ሲቲ ጉዳይ

ሰሜን ካሮላይና ውስጥ፣ ኤልዛቤት ሲቲ አጠገብ፣ ፓስኮታንክ በሚባል ወንዝ ዳር የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ ኃይል አውሮፕላኖቹን የሚያስጠግንበት ግቢ አለ። እዚያ ግቢ ውስጥ አንድ የክሮም መለበጫ ወርክሾፕ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቶ በ1984 ተዘጋ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1988 መጨረሻ ላይ ከወለሉ ሥር ያለው አፈርና ውሃ በክሮምየም ተበክሎ ተገኘ። ወንዙ ከወርክሾፑ የሚርቀው 60 ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ክሮም ልበጣ ሁለት ነገር ይፈልጋል። መጀመሪያ ዕቃው ከቅባት መጽዳት አለበት፤ ቅባት የነካው ብረት ክሮም አይዝም። ለዚህ ሥራ በዚያ ዘመን የታወቀው ማጽጃ ትራይክሎሮኢቲሊን ነበር፤ ባለሙያዎቹ ስሙን አሳጥረው ቲሲኢ ይሉታል። ቀጥሎ ዕቃው ክሮሚክ አሲድ በሞላበት ገንዳ ውስጥ ይነከራል። ከሁለቱም ፍሳሹ ወደ መሠረቱ ሥር ሲወርድ ኖረ።

ቲሲኢ ሁለት ካርቦን፣ ሦስት ክሎሪንና አንድ ሃይድሮጂን ያለው፣ ውሃ የመሰለ፣ ሽታው ጣፈጥ የሚል ፈሳሽ ነው። ሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ተረጋግጧል። ከውሃ ይከብዳል፣ አንዱ ሊትር 1.46 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ከርሰ ምድር ውሃ ጋ ሲደርስ እንደ ቤንዚን ላይ አይንሳፈፍም፣ ይሰምጣል። ከሰመጠበት ሆኖ ጥቂት በጥቂት እየሟሟ ለአሥርት ዓመታት ውሃውን ሲበክል ይኖራል። የአሜሪካ የመጠጥ ውሃ ደንብ የሚፈቅደው በሊትር 5 ማይክሮግራም ብቻ ነው። በዚህ ሂሳብ አንድ ግራም ቲሲኢ 200 ሺህ ሊትር ውሃ ከደረጃ በታች ያደርጋል፤ ባለ 10 ሺህ ሊትር ሃያ ሮቶ ማለት ነው።

ክሮምየሙ የተለየ ጠባይ አለው። ክሮሜት በሚባለው መልኩ፣ ማለትም ስድስት ኤሌክትሮን በጎደለው ጊዜ፣ በውሃ ይሟሟል፣ ውሃውን ብጫ ያደርጋል፣ ከውሃው ጋር ይጓዛል፣ መርዛም ነው። ሦስት ኤሌክትሮን ከመለሱለት ግን ደርቆ እንደ ዝቃጭ ባለበት ይቀመጣል። ይህ ልዩነት ኋላ ያስፈልገናል።

ብክለቱ ሲጠና ከወርክሾፑ ወደ ወንዙ ተዘርግቶ 35 ሜትር ያህል ወርድ፣ ወደ ታችም 6 ሜትር ተኩል ጥልቀት ነበረው። የከርሰ ምድር ውሃው የሚጀምረው ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ላይ ነው፤ ቆፈር ቢያደርጉ የሚገኝ ነው። መሬቱ ግን አንድ ወጥ አይደለም። ከ4.5 እስከ 6.5 ሜትር ባለው መካከል ውሃ እንደ ልቡ የሚያልፍበት ንብርብር አለ፤ ክሮሜቱም ቲሲኢውም በርክተው የተገኙት እዚያው ንብርብር ላይ ነው። አንባቢ ይህን ንብርብር ይያዝልኝ።

የተለመደው መፍትሔ ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃውን በፓምፕ ማውጣት፣ አጽድቶ መልቀቅ ነው። ችግሩ ፓምፑ ውሃ እንጂ መርዝ ለይቶ አያወጣም። አፈሩ ላይ የተለጠፈው ቲሲኢ እየቆየ ስለሚለቅ ዛሬ የጸዳው ነገ መልሶ ይበከላል፤ ሥራው ለአሥርት ዓመታት መብራትና ሠራተኛ ሲበላ ይኖራል። ኤልዛቤት ሲቲ ላይ ሌላ ነገር ተሞከረ። ውሃውን ከማውጣት ይልቅ በሚያልፍበት መንገድ ላይ የብረት ፍቅፋቂ ቀብሮ መጠበቅ። ቶርኖ ቤት የገባ ሰው የሚያውቀው፣ ከማሽኑ ሥር ተጠርጎ በጆንያ የሚወጣው ዓይነት ብረት።

ሐሳቡ ከየት መጣ

በ1980ዎቹ አጋማሽ ካናዳ ውስጥ ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የሚያጠናው ሌላ ነገር ነበር፤ አሰልቺ ነው ብል ተማሪው የሚቀየመኝ አይመስለኝም። ከጉድጓድ ናሙና ሲቀዳ፣ ቱቦውና መቅጃው የተሠራበት ነገር ናሙናውን ያበላሻል ወይ የሚል ጥያቄ ነው። ፕላስቲክና ጎማ መርዙን ስለሚመጥጡ ውሃው ከእውነቱ የጸዳ መስሎ ይታያል። ይህ የሚጠበቅ ነው። ከእነሱ ጎን ብረታ ብረትም ተፈተነ፤ ስቴንለስ ስቲል፣ አሉሚኒየም፣ እንደ ጣራችን ቆርቆሮ ዚንክ የተለበጠ ብረት። ብረት ይመጥጣል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ይሁንና ክሎሪን ካላቸው ውህዶች አንዳንዶቹ ብረቱ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ እየቀነሱ ሄዱ፤ አቀናነሳቸውም የመምጠጥ ሳይሆን የኬሚካዊ ለውጥ ጠባይ ነበረው።

ለናሙና ቀጂ ይህ መጥፎ ዜና ነው፣ ብረት መቅጃ ውጤቱን ያዛባል ማለት ነው። ጥናቱም በዚሁ መንፈስ በ1990 ታተመ። የዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሮበርት ጊልሃም ግን ነገሩን ገልብጠው አዩት። ብረት ውሃውን ሳናዝዘው ካጸዳው፣ ብናዝዘውስ? ከስቴፋኒ ኦሃነሲን ጋር በ1994 ባሳተሙት ሥራ 14 ክሎሪን ወይም የክሎሪን ዘመድ ያላቸውን ውህዶች ከብረት ጋር ፈትነው አንዱ ብቻ፣ ዳይክሎሮሜቴን፣ አልሰበር አላቸው። ለፍትሕ ያህል፣ ብረታ ብረት እንዲህ ያሉ ውህዶችን እንደሚሰብር ቀድሞ ያስተዋሉ ነበሩ፤ ክሎሪን ያላቸውን ፀረ ተባዮች በብረታ ብረት ስለማፍረስ በ1972 አሜሪካ ውስጥ ፓተንት ተሰጥቶበታል። ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ያወረዱት ግን የዋተርሉ ሰዎች ናቸው።

የመጀመሪያው የመስክ ሙከራ በ1991 ኦንታሪዮ ውስጥ በቦርደን የጦር ሰፈር ተደረገ። ግድግዳው አንድ ሜትር ተኩል ውፍረት ነበረው፤ በክብደት 22 በመቶው ብረት፣ ሌላው አሸዋ። ከቲሲኢው 90 በመቶ፣ ላውንድሪ ቤቶች ለደረቅ እጥበት ከሚጠቀሙበት ቴትራክሎሮኢቲሊን ደግሞ 86 በመቶ ጠፋ። ለሙከራ ጥሩ ነው። ለመጠጥ ውሃ ደንብ ግን ገና ሩቅ ነው፤ ከመቶ አሥር ማምለጡ ደንቡን በብዙ እጥፍ ያሳልፋል።

አንዲት የብረት ቅንጣት

ነገሩ የሚፈጸመው ብረቱ ገጽ ላይ ስለሆነ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ አንዲት ቅንጣት አንስተን ጠጋ ብለን እንያት።

ላይዋ ያብረቀርቃል ብሎ የሚጠብቅ ይሳሳታል። ጥቁር ናት፤ ስስ የዝገት ልብስ አላት። ይህ ጥቁር ዝገት፣ ማግኔታይት የሚባለው፣ ጣራ ላይ ከምናየው ቀይ ዝገት የሚለይበት ዋና ነገር ኤሌክትሪክ ማሳለፉ ነው። ከውስጥ ያለው ብረት ሁለት ኤሌክትሮን ጥሎ ወደ ውሃው ይሟሟል፤ ኤሌክትሮኖቹ በጥቁሩ ልብስ አልፈው ገጹ ላይ ይቆማሉ። ዝገት ሲባል ይኸው ነው፤ ብረት ኤሌክትሮኑን ለሌላ ሰጥቶ መሄዱ። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ እርጥብ ሆኖ ሲያድር ተቀባዩ ኦክስጅን ነው። ከመሬት በታች ግን ውሃው የያዘው ጥቂት ኦክስጅን ግድግዳው ውስጥ ገና ጥቂት ሳንቲሜትር ሳይገባ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ኤሌክትሮኑን የሚጠይቁ ሌሎች ይሆናሉ፤ ክሮሜት፣ ቲሲኢ፣ ራሱ ውሃው።

ክሮሜቱ ይቀድማል። ሦስት ኤሌክትሮን ይቀበልና ከብረቱ ጋር ተቀላቅሎ ዝቃጭ ሆኖ እዚያው ይለጠፋል። ጉዞው በዚህ ያበቃል።

የቲሲኢ መንገድ ግን ሁለት ነው፣ ለእኔም የጉዳዩ ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው። በአንደኛው መንገድ ክሎሪኖቹ አንድ በአንድ ይወልቃሉ፤ ሃይድሮጂን በቦታቸው ይገባል። ሦስት የነበረው ሁለት ይሆናል፣ ዳይክሎሮኢቲሊን፤ ከዚያ አንድ ይሆናል፣ ቪኒል ክሎራይድ፤ ከዚያ ባዶ፣ ኢቲሊን። ይህ ሲያዩት ሥርዓት ያለው ይመስላል። ግን ቪኒል ክሎራይድ የፒቪሲ ቱቦ የሚሠራበት ጋዝ ነው፣ ካንሰር አምጪነቱ ከወላጁ ቀድሞ የታወቀ፤ የመጠጥ ውሃ ደንቡም 2 ማይክሮግራም ብቻ ነው የሚፈቅድለት። መንገዱ ግማሽ ላይ ከተቋረጠ አንዱን መርዝ በባሰ ለውጠናል ማለት ነው። አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ብቻቸውን ቲሲኢን ሲበሉ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ይኸው ነው።

በሁለተኛው መንገድ ሁለት ጎረቤት ክሎሪኖች በአንድ ጊዜ ይነቀላሉ። እነሱ የያዙት ቦታ ላይ ሁለቱ ካርቦኖች እርስ በርሳቸው ተጨማሪ እጅ ይያያዛሉ። ክሎሮአሴቲሊን ይፈጠራል፤ እሱ ቶሎ ፈርሶ አሴቲሊን፣ በያጆች ከኦክስጅን ጋር የሚያነዱት ጋዝ፣ ይሆናል፤ አሴቲሊኑም ወደ ኢቲሊን፣ ኢቲሊኑም ወደ ኢቴን ይቀየራል። ኢቲሊን ሙዝ የሚያበስል ጋዝ ነው። የወለቀው ክሎሪን ክሎራይድ ሆኖ ውሃው ውስጥ ይቀራል፣ ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ጨው ያለው ያው ክሎራይድ። በዚህኛው መንገድ ቪኒል ክሎራይድ የለም፤ ታልፏል።

ብረት ገጽ ላይ የሚበዛው ይህ ሁለተኛው ነው። ዋተርሉ ውስጥ በብረት በተሞላ ቱቦ ቲሲኢ ሲያሳልፉ ከ80 በመቶ በላይ የሆነው ካርቦን ኢቲሊንና ኢቴን ሆኖ ወጣ፤ ክሎሪን እንደያዙ የታዩት ውላጆች ከ3 እስከ 3.5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ግድግዳ መቅበርን ደፍሮ ለመሞከር ያበቃው ይህ ቁጥር ነው ብዬ አምናለሁ። መርዙ ጠፋ ሲሉን ሁልጊዜ ወደ ምን ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ እዚህ ጥያቄው መልስ ነበረው።

የ3.5 በመቶዋን ነገር ግን መናቅ አይቻልም። እነዚህ ውላጆች ከገጹ ተላቀው ከውሃው ጋር ስለሚሄዱ፣ ከግድግዳው ሳይወጡ ሌላ ቅንጣት ላይ ደርሰው መሰበር አለባቸው። ለዚያ ጊዜ ያስፈልጋል። እነሱ ደግሞ ከወላጃቸው በዝግታ ነው የሚሰበሩት።

የጊዜ ሂሳብ

ለማስላት ያህል ብረቱ ቲሲኢውን በየ10 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል እንበል፤ የግድግዳው ውፍረት 60 ሳንቲሜትር፣ የውሃው ጉዞ በቀን 15 ሳንቲሜትር ይሁን። ውሃው ለማለፍ 4 ቀን፣ 96 ሰዓት ይፈጅበታል። ግማሽ መሆኑ ዘጠኝ ጊዜ ተኩል ገደማ ይደጋገማል። ግድግዳው በተተከለ ሰሞን የተመዘገበው ከፍተኛ የቲሲኢ መጠን በሊትር ከ4,320 ማይክሮግራም በላይ ነበር፤ 4,320ን ብንወስድ ወደ 5 ተኩል ይወርዳል። ደንቡ አጠገብ ነን ማለት ነው። አሁን ውሃው በቀን 30 ሳንቲሜትር ይሂድ። ውጤቱ 155 ይሆናል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ውጤቱ በ28 እጥፍ ከፋ። ያንን ውሃ የሚሮጥበትን ንብርብር ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው፤ መርዙ የበረከተው ውሃው በሚቸኩልበት ቦታ ላይ ነበር።

ሌላ ሂሳብም አለ፤ እሱ ደግሞ ያስቃል። አንዱን የቲሲኢ ሞለኪውል ኢቲሊን ለማድረግ ስድስት ኤሌክትሮን፣ ማለትም ሦስት የብረት አቶም ያስፈልጋል። በክብደት ሲመነዘር ለአንድ ኪሎ ቲሲኢ 1.27 ኪሎ ብረት ይበቃል። 35 ሜትር ወርድና 2 ሜትር ውፍረት ባለው ንብርብር ውሃው በቀን 15 ሳንቲሜትር ቢሄድ፣ ከአሸዋውም ሦስት አሥረኛው ውሃ ነው ብንል፣ በቀን የሚያልፈው 3 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ውሃው ሁሉ ከፍተኛውን መጠን ይዞ ቢመጣ እንኳ በዓመት 5 ኪሎ ቲሲኢ ነው። የተቀበረው ብረት 450 ቶን ነበር። በዚህ ስሌት ብረቱ ለሰባ ሺህ ዓመት ይበቃል!

አይበቃም፤ ምክንያቱም ብረቱን በዋናነት የሚበላው ቲሲኢው ሳይሆን ውሃው ነው። ውሃ ከብረቱ ኤሌክትሮን ወስዶ ሃይድሮጂን ጋዝ ይለቃል፣ ራሱም እንደ አመድ ውሃ ይከርራል፤ የግድግዳው ውስጥ ፒኤች፣ የውሃን ኮምጣጣነትና ክርረት የሚለካው ቁጥር፣ ወደ 10 ይወጣል። በዚያ ፒኤች ላይ ውሃው ይዞት የመጣው ካርቦኔት ካልሲየምንና ብረትን እየያዘ ቅንጣቶቹ ላይ ይጋገራል፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ቅርፊት። ቅርፊቱ ገጹን ይሸፍናል፤ በቅንጣቶቹ መካከል ያለውን ክፍተትም ይደፍናል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ግድግዳ ብረት አልቆበት አይሞትም። የሚሞተው ገጹ ሲጋገር ነው፤ ወይም ውሃው መንገዱ ጠቦት ሌላ መንገድ ሲፈልግ።

ተከላው

ወዲያው 450 ቶን ብረት አልተቀበረም። በ1994 እዚያው ግቢ ውስጥ ትንንሽ ጉድጓዶች ተቆፍረው ብረት፣ አሸዋና የቦታው አፈር ተደባልቆ ተሞላባቸው፤ የብክለቱ ውሃ በመካከላቸው ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ታየ። ሥራውን የመሩት የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ አዳ፣ ኦክላሆማ ያለው ላቦራቶሪ ሰዎች ናቸው፤ ሮበርት ፑልስ ከእነሱ ዋናው ናቸው። ከዋተርሉ ጊልሃምና የክሮሜቱን ኬሚስትሪ ያጠኑት ዴቪድ ብሎውስ አብረው ነበሩ።

ሰኔ 1996 ላይ ሙሉው ግድግዳ ተተከለ። 46 ሜትር ርዝመት፣ 7.3 ሜትር ጥልቀት፣ 60 ሳንቲሜትር ውፍረት። አተካከሉ ለብቻው የሚታይ ነው። ውሃ ያዘለ አሸዋ ሰባት ሜትር ቢቆፈር ቆፋሪው ዞር ሳይል ይደረመሳል፤ በተለመደው መንገድ ግራና ቀኝ የብረት ሰሌዳ ተመትቶ፣ ውሃው እየተመጠጠ ነው የሚሠራው። እዚህ ግን እንደ ግዙፍ የሰንሰለት መጋዝ ያለ ማሽን መጣ። ክንዱ መሬት ውስጥ ቆሞ አፈሩን እየቆረጠ ወደ ላይ ይጥላል፤ ከኋላው የተያያዘው የብረት ሳጥን ደግሞ የተቆረጠው እንዳይደረመስ ይዞ የብረቱን ፍቅፋቂ ከላይ እየተቀበለ ወደ ታች ያፈሳል። ሲቆርጥ ይሞላል፣ ሲሞላ ይሄዳል። ዋናው ቆረጣና ሙሌት በአንድ ቀን ውስጥ አለቀ። ብረቱ ከምድር ገጽ አንድ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይጀምራል፤ ላዩ በአፈር ተሸፈነ። ከውጭ የሚታይ ምንም ነገር የለም፣ ፓምፕ የለም፣ መብራት የለም።

ወጪው ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በፓምፕ ከማጽዳት ጋር ሲነጻጸር በሃያ ዓመት ውስጥ 4 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሚያድን ተገምቶ ነበር። ግምት ግምት ነው፤ ቢሆንም መብራት የማይቆጥር ማጽጃ ሂሳቡ የሚከብድ አይሆንም።

ያልተጠበቀው ሣር

የዚያኑ ዓመት መገባደጃ ላይ ግድግዳው ፊት፣ ውስጥና ኋላ ናሙና መቅጃዎች ተተከሉ፤ እያንዳንዱ በተለያየ ጥልቀት ብዙ አፍ ያለው ነው። አንድ ተራ ጉድጓድ ቢሆን ኖሮ የአምስት ሜትሩን ውሃ ከሁለት ሜትሩ ጋር ደባልቆ ሁሉም መልካም ነው ይል ነበር። ብዙ አፍ ያለው መቅጃ ግን እያንዳንዱን ንብርብር ለብቻው ያናግራል።

ክሮሜቱ እንደተባለው ሆነ። በተተከለ ሰሞን ከፊት በሊትር ከ3,430 ማይክሮግራም በላይ የነበረው ግድግዳውን ሲያልፍ ከመለኪያ በታች ወረደ። ቲሲኢውም ግድግዳውን ባለፈው ውሃ ውስጥ በአብዛኛው ከደንቡ በታች ሆነ። ዝቅ ብሎ በተቀዳው ናሙና ግን አንድ ቦታ ላይ ቲሲኢ ታየ። ከግድግዳው ሥር የሚሾልክ ያለ ይመስል ነበር።

ብረቱ ደክሞ ነው? ገና አዲስ ነው። አጥኚዎቹ ያቀረቡት ማብራሪያ ከኬሚስትሪ ጋር አይገናኝም። ግድግዳው ሲተከል በአካባቢው የነበረው የኮንክሪት መኪና ማቆሚያ ፈርሶ በቦታው አፈርና ሣር ተደረገ። ኮንክሪት ላይ የወረደ ዝናብ በቦይ ይሄዳል፤ ሣር ላይ የወረደው ይሰርጋል። አዲስ የሚሰርገው ውሃ ከላይ ሲጫነው የቆየው የተበከለ ውሃ ዝቅ ብሎ፣ ግድግዳው ታስቦ ከተቆፈረለት ጥልቀት በታች ሳይወርድ አልቀረም። ሁለት ዓመት የላቦራቶሪ ሙከራ፣ የመስክ ሙከራ፣ የፍሰት ሞዴል ተሠርቶ፣ በመጨረሻ ነገሩን ያናጋው ለግቢው ውበት የተዘራ ሣር ሆነ። እንዲህ ያለ ግድግዳ የሚሠራ ሰው ብረቱን ከሚመረምርበት ጊዜ የሚበልጠውን ዝናቡ የት እንደሚሄድ ለመጠየቅ ቢያውለው አይከስርም።

ዴንቨር ላይ ያለው የፌዴራል ማዕከል በዚያው በ1996 የብረት ግድግዳ ተክሎ ነበር። እዚያ የተመረጠው ውሃውን ግራና ቀኝ በማያሳልፍ ሰሌዳ እየሰበሰቡ በጠባብ የብረት በሮች ማሳለፍ ነው። በሮቹ ጠባብ ስለሆኑ ውሃው ፊታቸው ላይ ተከማቸ፤ ደረጃውም ከፍ አለ። ውሃው የሚጋገር ማዕድን ከኤልዛቤት ሲቲው ይበልጥ ነበረበት። ኤልዛቤት ሲቲ በሁለቱም ታድሏል፤ ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ውሃ ያሳልፋል፣ ውሃውም ለስላሳ ነው።

ቅርፊቱንም ቢሆን በግምት አልተዉትም። በየጊዜው ወደ ግድግዳው ቱቦ እየመቱ የብረቱን ናሙና አወጡ። እንዲህ ያለው ናሙና አየር ሲያገኝ ወዲያው መቅላት ስለሚጀምር ከአየር ተከልሎ ወደ ላቦራቶሪ መሄድ ነበረበት፤ ካልሆነ የሚለካው ከመሬት በታች የነበረው ዝገት ሳይሆን መኪና ላይ የተፈጠረው ነው። የታየውም ማዕድኑ የሚከማቸው ውሃው በሚገባበት ፊት ላይ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳንቲሜትሮች ውስጥ መሆኑ ነው። ወደ ውስጥ ዘልቆ ያለው ብረት ጥቁር እንደሆነ ይቀጥላል። ፊተኛው ረድፍ ዱላውን ይቀበላል፣ ኋለኛው ሥራውን ይሠራል።

አሥራ አምስት ዓመት

በ2014 የታተመው የአሥራ አምስት ዓመት ግምገማ ለእንዲህ ዓይነት ግድግዳ በወቅቱ ከነበሩት መዛግብት ሁሉ ረጅሙ ነበር። ግድግዳውን አልፎ በሚሄደው ፍሰት ላይ ክሮምየም ከ3 ማይክሮግራም በላይ ሆኖ አልተገኘም። እንዲያውም ክሮሜቱ ከግድግዳው ቀድሞ አለቀ። ለዚህ ግድግዳው ብቻውን አይመሰገንም፤ ከወርክሾፑ ሥር ያለው ምንጩ ራሱ ሶዲየም ዳይቲዮናይት የሚባል ኬሚካል ተረጭቶበት፣ አፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ነቅቶ ክሮሜቱን እዚያው እንዲያደርቅ ተደርጓል። የቲሲኢው ምንጭ ግን በዚህ መድኃኒት አልደረቀም።

ቲሲኢው እስከ ግምገማው ድረስ ይመጣ ነበር፣ አመጣጡም እኩል አልነበረም። አንዳንዴ በርከት ብሎ ሲመጣ ያ የግማሽ በግማሽ ሂሳብ ሳያልቅ ውሃው ከግድግዳው ይወጣል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ዳይክሎሮኢቲሊንና ቪኒል ክሎራይድ ከኢቲሊንና ከኢቴን ጋር ግድግዳው ውስጥና ኋላ ተገኝተዋል፤ ሁሉም ተደምረው ከገባው ቲሲኢ ከአሥር በመቶ ያነሱ ናቸው። ጥሩ ቁጥር ነው። ቪኒል ክሎራይድ ግን በ2 ማይክሮግራም የሚለካ መሆኑን ያስታወሰ ሰው ጥሩ ነው ብሎ አይተኛም።

ስለ መደፈን የተገኘው ደግሞ እርስ በርሱ አይስማማም። ከግድግዳው ፊትና ኋላ ያለውን የውሃ ከፍታ ያየ ግድግዳው ውሃ ማሳለፉ ቀንሷል ይላል። ግድግዳው ውስጥ ገብቶ የማሳለፍ አቅሙን የለካ ደግሞ በአንዳንድ ጥልቀት በቀን ከ200 ሜትር በላይ የሚሆን አቅም አገኘ (ይህ የማሳለፍ አቅም መለኪያ እንጂ ውሃው የሚሄድበት ፍጥነት አይደለም)፤ ይህ ገና ያልተደፈነ የብረት ፍቅፋቂ ቁጥር ነው። ሁለቱም ልኬቶች እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። የውሃውን ማለፍ የሚወስነው አማካዩ ሳይሆን በጣም የጠበበው ቦታ ነውና፣ ሆዱ ክፍት ሆኖ ፊቱ ላይ ያሉት ጥቂት ሳንቲሜትሮች የተጋገሩ ግድግዳ ሁለቱንም ውጤት ይሰጣል። ፊቱ ላይ መጋገሩን የብረት ናሙናዎቹ ቀድመው አሳይተዋል።